ጥቁር በር፣ ጠባብ መግቢያና የአዳማ ፀሐይ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ አዳማ ከተማ ውስጥ ወደ ሠራነው አዲስ ቤት በቅርቡ ገብተናል። ባለቤቴ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር መኖሪያ የሆነውን የለንደኑን ጥቁር በር በቴሌቪዥን እያየ ስለወደደው የእኛም የብረት በር ጥቁር እንዲቀባ አደረገ። በሩ ወደ ምዕራብ የዞረ ሲሆን፣ 1.50 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ርዝመት ወዳለው መተላለፊያ ያስገባል። የመተላለፊያው ግድግዳ ግራጫ፣ ወለሉ ደግሞ ጠቆር ያለ ቡናማ ሴራሚክ ነው። በሩ ከሰዓት በኋላ ይግላል፣ አንዳንዴም አልከፈት ይላል፤ መግቢያውም ጨልሞብናል። አማቴ በበኩላቸው «የሐዘን ቤት አስመሰላችሁት» ይላሉ። በሩን ሳንቀይር ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ክብርት አንባቢያችን፣ ስለ ግድግዳውና ስለ ወለሉ ከመነጋገራችን በፊት በሩ የዞረበትን አቅጣጫ ማየት ይገባል። ባለቤትዎ የወደዱት የዳውኒንግ ጎዳና 10 ቁጥር በር ቀድሞ የኦክ እንጨት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ከደረሰው የሞርታር ጥቃት በኋላ ግን በብረት በር ተተክቷል። ስለዚህ እርሱም እንደ እናንተው በር ብረት ነው፤ የሚለያዩት በሚያርፍባቸው ፀሐይ ነው። ጥቁር ቀለም ካረፈበት የፀሐይ ጨረር ከአሥር እጅ ዘጠኙን ያህል ውጦ ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ወደ ምዕራብ የዞረ በር ደግሞ ይህን ጨረር የሚቀበለው ቀኑ በሚግልበት ሰዓት ነው። 2.10 ሜትር ቁመት ያለው የብረት በር ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የውጪው ላሜራ ከውስጠኛው ይልቅ ስለሚግልም በሩ በመጠኑ ይጎብጣል። ጠዋት ያለ ችግር የሚከፈት፣ ከሰዓት በኋላ ግን የሚነክስ ከሆነ ቁልፉን ለመቀየር አይቸኩሉ፤ በሩና መቃኑ መካከል ዙሪያውን ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖሩን ብረት ሠሪው ያረጋግጥልዎ።

ብዙ ሰው መፍትሔው የጣሪያውን ክፈፍ ማስረዘም ይመስለዋል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ከአድማስ በላይ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለምትሆን፣ በሩን ከላይ እስከ ታች ለማጥላት 3 ሜትርና ከዚያ በላይ የወጣ ክፈፍ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ወጪው ከጥቅሙ ይበልጣል። የሚያዋጣው ከበሩ ፊት ለፊት ሁለት ሜትር ያህል ርቆ የቆመ መጋረጃ ነው፤ የቀርከሃ አጥር ወይም በብረት ፍርግርግ ላይ የሚወጣ ቡገንቪሊያ በቂ ነው፤ አበባው ሙቀትንና ድርቀትን ይችላል፣ ከጥቁሩ በር ጋርም ያምራል። የበሩ እጀታ ብረት ከሆነ በእንጨት ይተካ፤ በዚያ ሰዓት ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ የጋለ ብረት መጨበጥ የለበትም።

ቀለሙን በተመለከተ ድፍን፣ ብርሃን የማይመልስ ጥቁር አይምረጡ፤ አቧራና የእጅ አሻራ ይጎላበታል። በኮረብታዎቿ ላይ ተርባይን የሚያዞር ነፋስ ባላት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ወደፊት ስታድሱት ዝገቱ ተፍቆ አንቲረስት ከተቀባ በኋላ በመጠኑ የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀባ፤ ሥራውም ፀሐይ በሩ ላይ ሳትደርስ፣ በጠዋት ይከናወን።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ፤ ጨለማውን ያመጣው ጥቁሩ በር ብቻ አይደለምና። ከውጪው ኃይለኛ ብርሃን የመጣ ሰው ዓይኑ እስኪለምድ ድረስ ግራጫው ግድግዳና ቡናማው ወለል ጥቁር ሆነው ይታዩታል። የበሩ ሁለት ፊት አንድ ዓይነት ቀለም እንዲኖረው የሚያስገድድ ነገር የለም፤ ውጪው እንደ ባለቤትዎ ምርጫ ጥቁር ሆኖ ይቆይ፣ ውስጠኛው ፊት ግን ከግድግዳው ጋር ክሬም ይቀባ። ነጭ አላልኩም፤ ንጹሕ ነጭ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ የጫማና የእጅ ቆሻሻን ያጋልጣል። ሴራሚኩን ማንሳት ሳያስፈልግ ፈካ ያለ ረጅም ምንጣፍ ቢነጠፍበት ይበቃል፤ አቧራውን የሚያስቀረው ሻካራ ምንጣፍ ግን ቦታው ከበሩ ውጪ ነው። መስታወት ከሰቀሉ በጎን ግድግዳ ላይ ይሁን፤ ከበሩ ትይዩ ከሆነ የማታዋን ፀሐይ መልሶ በገቢው ዓይን ላይ ይጥላል። በኮርኒሱ መካከል ካለው አንድ አምፖል ይልቅ በግድግዳው ላይ የተቀመጡ ሁለት ቢጫማ አምፖሎች መተላለፊያውን ሰፋ አድርገው ያሳያሉ። የጫማ መደርደሪያው 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው ለመተላለፊያ 1.20 ሜትር ስለሚቀር አይጣበብም፤ ጫፉ ላይ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መቀመጫ ቢጨመር አማትዎ ጫማቸውን ቁጭ ብለው ያወልቃሉ። ጥቁሩን በውስጥ ለመድገም ከፈለጉ በመስታወቱ ክፈፍና በኮት መስቀያው ላይ ብቻ ይሁን።

ስለ አማትዎ ቅሬታ፣ ጥቁር በአገራችን የሐዘን ልብስ ቀለም ሆኖ ሳለ እርሳቸውን በውበት ክርክር ለመርታት መሞከር አይመከርም። የውስጡ ፊት ክሬም ሲሆንና ቡገንቪሊያው ሲያብብ ቅር መሰኘታቸው ሊለዝብ ይችላል። ካልለዘበ በሚቀጥለው እድሳት ወደ ጥቁርነት የሚያደላ አረንጓዴ ሁለቱንም ወገን ያስታርቃል፤ እርሱም ቢሆን ከጥቁሩ ብዙም ያነሰ ሙቀት ስለማይውጥ የቀርከሃው መጋረጃ አይነሳ።