የካሮል ሼልቢ ፊርማ የእጃቸው መሆኑን እንዴት ላረጋግጥ? ለሚለው ጥያቄ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን ወንድማችን። ከ2007 ሞዴል ሼልቢ ጂቲ 500 ማስታንግ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የተነሣ፣ የአሜሪካዊው የመኪና ተወዳዳሪና ሠሪ የካሮል ሼልቢ ፊርማ ያረፈበት የዕቃ መያዣ ክዳን ከነማረጋገጫ ወረቀቱ በኢንተርኔት ለሽያጭ ቀርቦ እንዳዩ ጽፈዋል፤ ፊርማው እውነተኛ መሆኑን በምን እንደሚለዩም ጠይቀዋል። እኔ የምኖረው ሼልቢ በተወለዱበት በቴክሳስ ነው። የእሳቸውን ፊርማ መሰብሰብ ከጀመርኩም ዓመታት አልፈውኛልና፣ ተታልዬም ተሳክቶልኝም ያየሁትን በዝርዝር ልጻፍልዎ። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ወረቀቱን ወደ ጎን ያድርጉትና ክዳኑን ይመልከቱ። የማረጋገጫ ወረቀቱ፣ ማተሚያ ማሽን ያለው ሰው ሁሉ ሊያዘጋጀው የሚችል ነገር ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ በ1990ዎቹ ባካሄደውና ኦፕሬሽን ቡልፔን በተባለው ምርመራ የተያዙት አጭበርባሪዎች፣ የዝነኛ ስፖርተኞችን ፊርማ ከማስመሰል አልፈው የምስክር ወረቀቱንም አብረው ያዘጋጁ ነበር። እንደ ፒኤስኤ፣ ጄኤስኤና ቤኬት ያሉ የታወቁ የፊርማ መርማሪ ድርጅቶች የሰጡት ወረቀት ከሆነ ቁጥሩን በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ራስዎ ያስገቡ፤ ቁጥሩ መገኘቱ ብቻ በቂ ስላልሆነም፣ የተመዘገበው ዕቃ በእጅዎ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ያስተያዩ።

እኔ የመጀመሪያውን ገንዘቤን ያጣሁት ክዳን ገዝቼ ሳይሆን ፎቶግራፍ ገዝቼ ነው። ሼልቢ ራሳቸው ከሠሩት ኮብራ ከተባለው የስፖርት መኪና አጠገብ ቆመው የሚታዩበት፣ በ1963 እንደተፈረመ የተነገረኝ ጥቁር ፊርማ ያለበት ፎቶ ነበር። ቤት ወስጄ በአጉሊ መነጽር ስመለከተው፣ የፊርማው መስመር እንደ ቀለም የፈሰሰ ሳይሆን እንደ ፎቶው ሁሉ ከጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ሆኖ አገኘሁት፤ ማለትም ፊርማው ከፎቶው ጋር አብሮ የታተመ ነበር። በሼልቢ ረገድ ይህ ስሕተት በቀላሉ ይደርሳል፤ ፊርማቸው የንግድ ምልክታቸውም ስለነበረ በካናቴራ፣ በመኪና ምልክትና በልዩ ልዩ ዕቃ ላይ ታትሞ ይሸጣል፤ የታተመውን በእጅ የተጻፈ አድርጎ የሚያቀርብ ሻጭም አይጠፋም።

በክዳን ላይ ግን ነገሩ ይለያል፤ እኔም ደስ የሚለኝ ምርመራው እዚህ ላይ ነው። የክዳኑ ፕላስቲክ እንደ ቆዳ ሸካራ ስለሆነ፣ በእጅ የተፈረመ ማርከር ጉብ ጉብ ያለውን እየነካ ጎድጎድ ያለውን አልፎ አልፎ ይዘልላል፤ ብዕሩ በቆመበት ቦታ ደግሞ ቀለሙ ጎድጓዳው ውስጥ ይጠራቀማል። በመነጽር ሲታይ ፈጥኖ የሄደ እጅ መነሻውና መድረሻው እየቀጠነ ይሄዳል። እያስመሰለ የጻፈ ሰው ግን ቀስ ስለሚል መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ በመካከል ይቆማል፣ ብዕሩ ተነሥቶ እንደገና ያረፈበት ቦታም ይታያል። ካሮል በሚለው ስም ውስጥ በእንግሊዝኛ ሁለት አር እና ሁለት ኤል ተደጋግመው ስለሚመጡ በተለይ እነሱን ይመልከቱ፤ ሁለቱ ፊደላት ልክ እንደ መንታ አንድ ዓይነት ሆነው ከተሣሉ እጁ እየጻፈ ሳይሆን እየቀዳ ነው። በማሽን የተፈረመ ከሆነ ደግሞ የመስመሩ ውፍረት ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ይሆናል።

ቀለሙና ቀኑ መስማማታቸውንም ያረጋግጡ። ሻርፒ የሚባለው ማርከር ገበያ ላይ የዋለው በ1964 ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ኮብራ በተሠራበት በ1962 በሻርፒ ተፈርሟል የሚባል ነገር ቢያጋጥምዎ ከዚያ ወዲያ መመርመር አያስፈልግዎትም። የእርስዎ ክዳን ከ2007 ሞዴል መኪና የመጣ ስለሆነ፣ ሼልቢም ያረፉት በግንቦት 2012 በመሆኑ፣ ፊርማው በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ያረፈ መሆን አለበት። ስለዚህ በሰማንያዎቹ ዕድሜያቸው ከፈረሟቸው ጋር እንጂ በ1960ዎቹ ከፈረሟቸው ጋር አያወዳድሩት፤ የአንድ ሰው እጅ በአርባ ዓመት ውስጥ ይለወጣልና።

ሻጩን የሚጠይቁት ዋናው ጥያቄ ግን «ማን፣ የት፣ መቼ አስፈረመው?» የሚለው ነው። ሼልቢ በ1990 የልብ ንቅለ ተከላ ካደረጉ በኋላ ሕፃናትን የሚረዳ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቁመው ነበር፤ ፊርማቸውን ለሚፈልጉ ሰዎችም ለዚሁ ድርጅት መዋጮ እንዲያደርጉ ይጠይቁ ነበር። ስለዚህ በዚያ መንገድ ያስፈረመ ባለቤት ደረሰኝ፣ ደብዳቤ ወይም ፎቶግራፍ አስቀርቶ ሊሆን ይችላል። እኔ ዛሬ ከማንኛውም በላይ የምወደው ክዳን የመጣልኝ ከእንዲህ ያለ ባለቤት ነው። ሼልቢ ክዳኑን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲፈርሙ የሚያሳይ ፎቶ አብሮ ሰጠኝ። በፎቶው ላይ የመጨረሻው ፊደል ጅራት የመክፈቻውን ቀዳዳ ጠርዝ ነክቶ ያልፋል፤ ከጎኑም የጥፍር ስፋት የምታህል ጭረት አለች። ክዳኑን ከፎቶው ጎን አድርጌ ሁለቱንም በየቦታቸው ሳገኛቸው የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ስለ ዋጋው፣ ሻጮች የሚጠሩትን ሳይሆን በጨረታ ተሽጦ ያለቀበትን ይመልከቱ። በምስል የተመዘገበ ፊርማና ታሪክ የሌለው ፊርማ በአንድ ዋጋ ሊገዙ አይገባም።

ክዳኑን ከገዙት በኋላ መኪናው ላይ አይግጠሙት። የማርከር ቀለም ፀሐይ ሲመታው ይደበዝዛል፤ የዳሽቦርድ ማወልወያ ፈሳሽም ሊያስለቅቀው ይችላል። ቀለሙን ይጠብቅልኛል ብለው ቫርኒሽ የረጩ ሰዎች ፊርማው ሲፈስባቸው አይቻለሁ። መኪናው ላይ ሌላ ክዳን ያድርጉና የተፈረመበትን የፀሐይ ጨረር በሚከላከል መስታወት ውስጥ ፀሐይ ከማያገኘው ግድግዳ ላይ ይስቀሉት።

አሁን ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቁልኝ፤ የፊርማውን መነሻና መድረሻ ከቅርብ የሚያሳይ ፎቶ፣ እንዲሁም ክፍል ቁጥሩ የሚታይበት የክዳኑ የውስጥ ገጽ ፎቶ። ከላከልዎ ለእኔም ያድርሱኝ፤ በእጄ ካሉት ጋር አስተያይቼ የታየኝን እጽፍልዎታለሁ። አልልክም ካለ ግን ክዳኑን ይተዉት።