ያሳፈርኩት ተማሪ

ይድረስ በባሕር ዳር ፍልስፍና ለመማርም ሆነ ለማስተማር ለተነሣችሁ ልጆቼ፣

ከመምህርነት ዘመኔ ዛሬም የሚቆጨኝ አንድ ቀን አለ። የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈላስፋ ነው ስለሚባለው ስለ ዘርዐ ያዕቆብና «ሐተታ» ስለተባለው የፍልስፍና መጽሐፉ ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ መጽሐፉን የጻፈው እርሱ ለመሆኑ ማስረጃችን ምንድን ነው?» ቢለኝ፣ የሀገር ኩራት አሸነፈኝና «የፈረንጅ ወሬ ነው» ብዬ በጓደኞቹ ፊት አሳፈርኩት። ሐተታው እንደሚተርከው ፈላስፋው ከስደቱ በኋላ የኖረው ከጣና ማዶ እንፍራዝ ነውና፣ ነገሩ የጎረቤት ያህል ይቀርበኝ ነበር።

ልጁ ግን የጠየቀው የሚጠየቅ ነገር ነው። መጽሐፉ ከሀገር ውጭ የታወቀው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቅጂውን የግእዝ መጻሕፍት ይሰበስብ ለነበረው ለፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ከላከ በኋላ ነው። ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ደራሲው ራሱ ሚሲዮናዊው ነው ሲል፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ክሎድ ሳምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ተሟገቱ፤ ክርክሩም አልተዘጋም። ያን ቀን ልለው የሚገባኝ ጥያቄው ሁለት መሆኑን ነበር። ማን ጻፈው የሚለው መጽሐፉ በተጻፈበት ግእዝ አገባብ፣ በቅጂዎቹና በሚሲዮናዊው ደብዳቤዎች ይመረመራል፤ ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት እኩል ነው የሚለው የመጽሐፉ ሙግት ያሳምናል ወይ የሚለው ግን ደራሲው ማንም ቢሆን በምክንያት የሚመዘን ነው። እኔ ሁለተኛውን ስለወደድኩ የመጀመሪያውን ዘጋሁት።

ይኸው መደባለቅ ከክፍል ውጭ ሰው ይጎዳል። እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም በ2011 እ.ኤ.አ. በጣና ላይ ከታየ ወዲህ በተቀመጥኩባቸው ስብሰባዎች የሚነሣውን፣ አረሙን ለማስወገድ ማሽን ይሻላል ወይስ የሰው እጅ የሚለውን ጥያቄ ባለሙያ በልኬት ሊመልሰው ይችላል። የፎገራ ወይም የደንቢያ ገበሬ የእርሻ ቀኑን ትቶ ውኃ ውስጥ ቆሞ አረም ሲነቅል ድካሙን ማን ይካስ የሚለው ግን የፍትሕ ጥያቄ ነው። ይህ ሲነሣ ስለ ሄክታር መልስ ሲሰጥና ጠያቂው ገበሬ ጋቢውን አስተካክሎ ዝም ሲል አይቻለሁ። በዚያ ሰዓት ተነሥቶ «የተጠየቀው ይህ አይደለም» የሚል ሰው ያስፈልጋል፤ ፍልስፍና የተማረ ሰው ሥራም ይኸው ይመስለኛል።

ለምታስተምሩ አንድ ነገር ልጨምር። በመጀመሪያ ዓመት ሁሉም በሚወስደው የሎጂክ ኮርስ የፋላሲ (የተሳሳተ ሙግት) ዓይነቶችን ስም ሸምድዶ ጥሩ ውጤት ማምጣት ይቻላል (እኔም ለብዙዎች ሰጥቻለሁ)። በጎጃም የቅኔ ቤት ግን ተማሪው የሌላ ሰው ቅኔ በቃሉ ስለያዘ ብቻ አይመሰገንም፤ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ (ማለትም ራሱ ደርሶ) ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርምለታል። እናንተም ተማሪው የራሱን ሙግት በአንድ ገጽ እንዲጽፍ አድርጉና ቁጭ ብላችሁ አርሙለት። አድካሚ ነው፤ ክፍሉም ብዙ ሰው ነው።

ያ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም።

የቀድሞ መምህራችሁ፣
ከባሕር ዳር