ጣና ዳር ለምታድሩ፦ ውሃው መጀመሪያ ይጥለል

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ዶልፊን ሚኒባሳችሁ ውስጥ አልጋና ትንሽ ማድቤት ሠርታችሁ፣ ሁለት ልጆች ይዛችሁ፣ ከባሕር ዳር በወረታና በጎንደር አድርጋችሁ ጎርጎራ ልትወርዱ ነው። የገዛችሁት 0.1 ማይክሮን ማጣሪያ ለጣና ውሃ ብቻውን ይበቃል ወይ ብለሻል። አይበቃም። እኛም በዚሁ መንገድ ከልጆች ጋር ደጋግመን ተጉዘናል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ክፉኛ ደንግጠናል።

ጣና ብዙ ጥልቀት የለውም። ጥልቁ ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ ሲነሳ ከሥሩ ይደፈርሳል። ክረምት ላይ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ደለል ተሸክመው ይገቡበታል። ይህን ውሃ እንዳለ ማጣሪያው ውስጥ ብትጨምሪው ወዲያው ይደፈናል። ስለዚህ መጀመሪያ ይጥለል። በባልዲ ቀድታችሁ ከድናችሁ አሳድሩት። ጠዋት አተላውን ሳትነኩ ላይ ላዩን በአራት በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ አሳልፉት። ማጣሪያው ውስጥ የሚገባው ይሄ የጠለለው ነው። ማጣሪያውን ደግሞ በየቀኑ በስሪንጅ ንጹሕ ውሃ ወደ ኋላ እየገፋችሁ እጠቡት።

ያ ማጣሪያ ባክቴሪያን፣ አሜባንና ጃርዲያን ይይዛል። ቫይረስ ግን ከቀዳዳው ስለሚያንስ ያልፋል። ክሎሪን ቫይረሱን ይገድላል፤ ክሎሪን የማይበግራቸው ጥገኛ ተሕዋስያን ደግሞ ማጣሪያው ላይ ይቀራሉ። ለዚህ ነው ሁለቱም የሚያስፈልጉት። ካጣራችሁ በኋላ ውሃ አጋር የሚባለውን የክሎሪን ፈሳሽ ጨምሩበት፤ መጠኑን ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው፣ ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ማፍላትም ይቻላል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያም ይበቃል። ተንፈቅፍቆ ከፈላ አንድ ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ሦስት ደቂቃ። እኛ ግን ቡታጋዙን ለወጥና ለሻይ እናቆየዋለን።

አሁን የደነገጥንበትን ልንገርሽ። ሐይቁ ዳር ሁለተኛ ሌሊታችን ነበር። ትንሹ ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው አደረ። ኦአርኤስ በጥብጠን እያጠጣን ጠዋት ጤና ጣቢያ አደረስነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ። ውሃውን አጣርተናል፣ ክሎሪንም ጨምረናል። ታዲያ ከየት መጣ? ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ስናስታውስ አገኘነው። ባለቤቴ ጥሬውን ውሃ የቀዳችበትን ጆግ እኔ አለቅልቄ የተጣራውን ገልብጬበታለሁ። ቲማቲሙንም ያጠብነው በሐይቁ ውሃ ነው። ከዚያ ወዲህ ሕጋችን ጥብቅ ነው። የጥሬ ውሃ ዕቃ ቀይ ፕላስተር ተለጥፎበታል፤ የሚጠጣውን ፈጽሞ አይነካም። ጥርስ የሚቦረሸው፣ ሰላጣ የሚታጠበው፣ የልጆች ኩባያ የሚለቀለቀው ሁሉ በሚጠጣው ውሃ ነው።

መኪናው ላይ ያሰራችሁትን የውሃ ጋንም አትመኑት። ብዙ ሰው ስለ ማጣሪያው እየተጨነቀ ወር ሙሉ ውሃ የከረመበትን ጋንና የመሙያ ቱቦውን ይረሳል። ከመነሳታችሁ በፊት ሽታ የሌለው 5 በመቶ በረኪና ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ ሚሊ ሊትር አድርጋችሁ ሙሉት። ለ60 ሊትር ጋን 60 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ ቧንቧውን ክፈቱት፤ ዘግታችሁ አራት ሰዓት ያህል አቆዩት፤ ከዚያ ደፍታችሁ ሽታው እስኪጠፋ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። የመሙያው ቱቦም ለመጠጥ ውሃ ብቻ ይሁን።

ማጣሪያም ክሎሪንም ማፍላትም የማያድኑት ነገር አለ። ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የመሰለ ነገር ተንሳፍፎ ካያችሁ አትቅዱ። ከአንዳንዱ አልጌ የሚወጣው መርዝ ሲፈላም አይጠፋም። ፎገራ ላይ ከሩዝ ማሳ አጠገብ ካለ ቦይም አትቅዱ፤ ፀረ ተባይ መድኃኒትን ይህ ማጣሪያ አይዝም። እምቦጭ አረም የተኛበትን ዳርቻም ራቁት። ልጆቹ በባዶ እግር ገብተው እንዲቀዱ ደግሞ አትላኪያቸው። ብልሃርዚያ በመጠጣት ሳይሆን በቆዳ ነው የሚገባው፤ ጣና ዳር ደግሞ አለ።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ብሆን የሐይቁን ውሃ ለመኪና ማጠቢያ እተወዋለሁ። አራት ሰው በቀን ለመጠጥ ብቻ 12 ሊትር ያህል ይፈልጋል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለቱን ባሕር ዳር ከቧንቧ ሞልታችሁ ክሎሪን ብትጨምሩበት ለሦስት ቀን ይበቃችኋል። ጎንደር ስትደርሱ እንደገና ሙሉ። ማጣሪያው ውሃ ሲያልቅባችሁ ይጠቅማችኋል።

ከጎንደር አልፋችሁ ወደ ደባርቅና ስሜን ከወጣችሁ ግን ማጣሪያውን መኪናው ወለል ላይ ጥላችሁ እንዳታድሩ። አንዴ እርጥብ የሆነ ማጣሪያ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ከሆነ ቀጫጭን ቱቦዎቹ ይሰነጠቃሉ፤ ከውጭ ሲታይ ምንም የሆነ አይመስልም፣ ውሃም ማሳለፉን አይተውም፤ ተሕዋስያኑን ግን አይዝም። እኛ በፌስታል ጠቅልለን ብርድ ልብሱ ውስጥ ይዘነው ነው የምንተኛው።