እሳት ሳይነካው ለእንግዳ የሚቀርብ የቱና ቅብ

ጥያቄ፦ እሑድ ማኅበሩ እኔ ቤት ነው። ወጡ እስኪቀርብ በዳቦ የሚቀመስ የዓሣ ነገር ባለፈው በቱና ሞክሬ ውሃ አቅርሮ ዳቦውን አራሰብኝ። ምኑን አጠፋሁ? ከእንግዶቼ ዓሣ እየበሉ የሚጾሙ ስላሉ ማዮኔዝ እንዲገባበት አልፈልግም። (አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ማዮኔዝ እንቁላል ስላለበት መተውዎ ትክክል ነው፤ ልስላሴውን ከአቮካዶ ያገኙታል። ውሃው ግን በአብዛኛው የሚመጣው ካልተጨመቀ ቱና ነው። ክዳኑን ተጭኖ ማንጠፍጠፍ አይበቃም። ወንፊት ላይ ገልብጠው በማንኪያ ጀርባ ይጫኑት፤ ጠብታው ሲቆም በንጹሕ እጅ ጭምቅ ያድርጉት። በጣት ሲያሹት እንደ ደረቅ ፍርፍር ከተበተነ ደርሷል፤ ከተለጠፈ ገና ነው። ቀጥሎ ያለው ጥፋተኛ ሽንኩርት ነው፤ ጨው ሲነካው ውሃውን ይለቃል። ቲማቲም ጨርሶ አይግባ።

ለ8 ወይም ለ10 ሰው 2 ጣሳ ቱና፣ 1 መካከለኛ የበሰለ አቮካዶ፣ 1 ትንሽ ቀይ ሽንኩርት፣ ፍሬው የወጣ 1 ቃሪያ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተበጠበጠ ሰናፍጭና ሩብ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ ይበቃል። ሽንኩርቱን አድቅቀው ከትፈው ቁንጥር ጨው ነስንሱበትና 10 ደቂቃ ይተዉት፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ይጭመቁት። ውሃውም የሚያቃጥለው ጠረኑም አብሮ ይወጣል። አቮካዶውን አስቀድመው ከሎሚው ጋር ይጨፍልቁ፤ ሎሚው ቶሎ እንዳይጠቁር ያደርገዋል። ሰናፍጭና ቁንዶ በርበሬውን ጨምረው ካዋሃዱ በኋላ ቱናውን፣ ሽንኩርቱንና የተከተፈውን ቃሪያ በሹካ ቀስ እያሉ ይቀላቅሉ። በመፍጫ አይምቱት፤ እንደ ገንፎ ይሆንና የዓሣው ፍርፍር ይጠፋል። ጨው መጨረሻ ላይ ቀምሰው ነው፤ ቱናው የራሱ ጨው አለው። ከደረቀብዎ 1 ማንኪያ ዘይት ያለሰልሰዋል።

በደጋው ብርድ አቮካዶ ቶሎ አይበስልም። ከ3 ወይም ከ4 ቀን በፊት ገዝተው ከሙዝ ጋር በወረቀት ይጠቅልሉት። ቅቤ ደግሞ፣ ጾም ባይሆን እንኳ፣ በእናንተ አየር ይረጋና አይቀባም። ከስሱ የገብስ ቂጣ ጋር ሲቀርብ ከዳቦውም ይበልጣል።

አደራ የምንለው አንድ ነገር አለ፦ ትኩስ ጥሬ ዓሣ በቱናው ፈንታ አይግባ። ሎሚ ሥጋውን ያነጣዋል እንጂ አያበስለውም፤ ጥገኛ ትሉንም አስተማማኝ ሆኖ አይገድልም። የጣሳው ዓሣ ከታሸገ በኋላ በከፍተኛ ሙቀት የበሰለ ነው።

ጥያቄ፦ ማታውኑ ሠርቼ ባሳድረውስ? ጠረጴዛ ላይ ስንት ሰዓት ይቆያል? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ የተጨመቀው ቱናና ሽንኩርት ለየብቻ ተከድነው ፍሪጅ ውስጥ ይደሩ፤ አቮካዶው ግን እንግዳ ሊገባ 1 ሰዓት ሲቀረው ይቀላቀል። ጠረጴዛ ላይ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ በእናንተ የቀትር ሙቀት፣ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ፣ 1 ሰዓት ብቻ። ስለዚህ ግማሹን አቅርበው ግማሹን ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩት። የተከፈተ ጣሳ ውስጥ ዓሣ አያስቀምጡ፤ ወደ ብርጭቆ ዕቃ ይገልበጥ። ያበጠ ጣሳ ከሆነ ሳይከፍቱ ይጣሉት።