ለእርጥብ ጥሻ የዝናብ ልብስ፦ ከሱሪው ጀምሩ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የማድንበት ቦታ ዝናብ የማይለየው፣ ቁጥቋጦውም ሰው የማያሳልፍ ነው። ባለፈው ወቅት ቀለል ያለ የዝናብ ጃኬትና ሱሪ ገዝቼ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ «20,000 ሚሊ ሜትር» ይላል። ቀኑ ሳይጋመስ ውስጤ ራሰ። ከጭኔ በታችማ ሲጨመቅ ውሃ ይወርድ ነበር። እሾሁም እጅጌውን ቦጫጭቆታል። አሁን አዲስ ልገዛ ነው። ጎማ ልግዛ ወይስ እነዚያን «ይተነፍሳሉ» የሚባሉትን? ቁርጡን ንገሩኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁርጡን ከፈለግክ ገንዘብህን መጀመሪያ ሱሪው ላይ አውለው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ውድ ጃኬት ይገዛና የተረፈችውን ሱሪ ላይ ያደርጋል። ገላጣ ቦታ ላይ ለሚሄድ ሰው ይሄ ያስኬዳል። ጥሻ ውስጥ ግን ዝናቡ ካባራ ከሰዓታት በኋላም ትበሰብሳለህ። እያንዳንዱ ቅጠል የረጠበ ፎጣ ነው፤ ባለፍክ ቁጥር ጭንህና ጉልበትህ ላይ ይጠረጋል። ዝናብ ልብስህ ላይ አርፎ ይወርዳል፣ ቁጥቋጦ ግን ውሃውን እያሸ ጨርቁ ላይ ይጫነዋል። ምንም ዝናብ ባልጣለበት ጠዋት እንኳ ጤዛው ብቻ እስከ ወገብህ ሊያረጥብህ ይችላል።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። 20,000 ሚሊ ሜትር ማለት ጨርቁ ላይ 20 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ቢቆምበት እስከዚያ ድረስ ችሎ ይይዛል ማለት ነው። ጥሩ ቁጥር ነው። ግን የሚለካው አዲስ ጨርቅ ላይ ነው። ስለ ስፌቱ፣ ስለ ዚፑ፣ እሾህ ወቅቱን ሙሉ ሲቧጭረው ምን እንደሚሆን አይነግርህም። እኔ ከ10,000 በላይ ከሆነ ቁጥሩን እዚያው ትቼ የላይኛውን ጨርቅ ውፍረት ነው የማየው። ይሄ በዴኒየር ይጻፋል፤ 9,000 ሜትር ክር ስንት ግራም ይመዝናል ማለት ነው። 20 ወይም 30 ዴኒየር ንጹሕ መንገድ ላይ ለሚሄድ ሰው የተሠራ ነው። እሾህ ላለበት ቦታ ከ70 በታች ያለውን አልመክርህም። ሱሪው ጉልበቱና መቀመጫው ላይ ድርብ ጨርቅ ቢኖረው ደግሞ ይመረጣል፣ ምክንያቱም ስትንበረከክና እርጥብ መሬት ላይ ስትቀመጥ ውሃው በክብደትህ ተጭኖ የሚገባው እዚያ ነው።

ቀጥሎ ንብርብሩን ጠይቅ። ሦስት ንብርብር የሚባለው ውሃ የሚከለክለውን ስስ ሽፋን በላይኛውና በውስጠኛው ጨርቅ መካከል አጣብቆ የያዘ ነው። ሁለት ተኩል የሚባለው ግን ከውስጥ በኩል ጨርቅ የለውም፣ ስስ ቅብ ብቻ ነው ያለው። ይቀላል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ነገር ግን ገላ ላይ ይጣበቃል፣ ቅቡም በቦርሳ ማንገቻና በጉልበት መታጠፊያ ላይ ቶሎ ይላጣል። ያንተ ከዚህ ዓይነት ይመስለኛል።

አሁን «ራሰ» ያልከው ነገር ከላይ ገብቶ ነው ወይስ ላብህ ነው? ይሄን ሳትለይ አዲስ ብትገዛ እዚያው ትመለሳለህ። ጀርባህና ብብትህ እኩል ከረጠበ ላብ ነው። በትከሻ ማንገቻው ሥር፣ በዚፑ መስመርና በጉልበትህ ላይ ነጠል ብሎ ከረጠበ ገብቶብህ ነው። ቤት ውስጥም መሞከር ይቻላል። ልብሱን ገልብጠህ የጠረጠርከውን ቦታ እንደ ከረጢት ሰብስበህ ያዝና ውሃ ጨምርበት፣ ከሥር ከተንጠባጠበ ቦታውን አገኘኸው።

«ይተነፍሳል» የሚባለው ነገር እውነት ነው፣ ግን ገደብ አለው። ከሁሉ የታወቀው ጎር-ቴክስ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1969 የተገኘ የተለጠጠ ቴፍሎን ነው። ቀዳዳዎቹ ከውሃ ጠብታ በጣም ያነሱ፣ ከእንፋሎት ግን የሰፉ ስለሆኑ ላብህ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። እንፋሎት የሚወጣው ግን ውጭው ከውስጡ ደረቅ ሲሆን ነው። የላይኛው ጨርቅ ላይ ውሃውን እያንጠባጠበ የሚያወርድ ስስ ቅብ አለ፤ ቁጥቋጦ ያንን ቅብ እየፈተገ ያነሳዋል። ቅቡ ሲነሳ ጨርቁ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ እንፋሎቱ መውጫ ያጣና እዚያው ውስጥ ውሃ ይሆናል። ሽፋኑ አልተቀደደም፣ አላፈሰሰም፣ አንተ ግን ርሰሃል። ስለዚህ ለእርጥብ ጥሻ «በ24 ሰዓት ይህን ያህል ግራም እንፋሎት ያስወጣል» በሚል ቁጥር ብቻ አትገዛ። ከዚያ ይልቅ ብብት ሥር የሚከፈት ረጅም ዚፕ ያለውን ፈልግ፤ ዚፕ ስትከፍተው ሁልጊዜ አየር ያስገባል።

ጎማውስ? ፖሊስተር ላይ ፖሊዩሬቴን የሚባል የሚለጠጥ ፕላስቲክ የተቀባና ስፌቱ በሙቀት የተጣበቀ ልብስ አለ፤ ዓሣ አጥማጆች መርከብ ላይ የሚለብሱት ዓይነት። ይሄ ውሃ አያስገባም፣ እንደዚያኛው ተፈትጎ የሚነሳ ስስ ቅብም የለውም። ጨርቁ ስለሚለጠጥ እሾህ ብዙ ጊዜ ይንሸራተትበታል፣ ድምፁም ትንሽ ነው። ላብ ግን ፈጽሞ አያስወጣም። ዝግ ብለህ እየቆምክ፣ እየተቀመጥክ የምታድን ከሆነ ከዚህ የሚሻል የለም። ዳገት የምትወጣ ከሆነ ግን ላብህን አፍነህ ይዘኸው ነው የምትሄደው። ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራውን ርካሹን ተወው፣ ብርድ ሲነካው ድርቅ ይላል፣ ይንኮሻኮሻል፣ መታጠፊያው ላይም ይሰነጠቃል።

ሌላው ሰም የጠጣ ወፍራም የጥጥ ሸራ ነው። እሾህን በመቋቋም የሚስተካከለው የለም፣ ጸጥ ያለም ነው። ካፊያና እርጥብ ቅጠል ይችላል። ቀኑን ሙሉ ለሚወርድ ዶፍ ግን ክርንና ትከሻው ላይ ማሳለፉ አይቀርም። ይከብዳል፣ ለመድረቅም ቀናት ይፈልጋል። ዝናቡ አልፎ አልፎ፣ እሾሁ ግን ሁልጊዜ ከሆነ እሱን እመርጣለሁ። ያንተ ቦታ ግን እንደዚያ አይመስልም።

ድምፅ ለአዳኝ ትልቅ ነገር ነው፣ ሱቅ ውስጥ ግን ማንም አይጠይቅም። እጅጌውን ጆሮህ አጠገብ አድርገህ በጥፍርህ ፋቀው፣ ሁለቱን የሱሪ እግሮች አፋትግ። እዚያ ሱቅ ውስጥ ኮሽ ካለ ጫካ ውስጥ ይጮሃል። ፀጉራም ገጽ ያላቸው ጸጥ ይላሉ፣ ግን ውሃ ይይዛሉ፣ ከሰዓት ላይ ሁለት እጥፍ የከበዱ ይመስልሃል።

እንግዲህ እኔ ባንተ ቦታ ብሆን ሱሪውን ከጎማው ዓይነት፣ ወይም ወፍራም ሦስት ንብርብር፣ እስከ ደረት የሚደርስና በማንገቻ የሚያዝ አደርገዋለሁ። ስታጎነብስ ወገብህ አይከፈትም። ጃኬቱን ደግሞ ሦስት ንብርብር፣ የብብት ዚፕ ያለው፣ መካከለኛ ውፍረት። ስትሄድ ዝናቡ ካልጠነከረ ጃኬቱን ቦርሳ ውስጥ አድርገው፣ ስትቆም ልበሰው። ገምባሌ የምታደርግ ከሆነ ከዝናብ ሱሪው ሥር ይሁን፤ ከላይ ካሰርከው ከሱሪው የሚወርደው ውሃ ቀጥታ ጫማህ ውስጥ ይገባል።

ከሥር ጥጥ አትልበስ፣ ይሄን በጣም አደራ እልሃለሁ። ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ገደማ በፍጥነት ይወስዳል፣ ጥጥ ደግሞ ያንን ውሃ ገላህ ላይ ይዞ ይቀመጣል። ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ይዞም ቶሎ እርጥብ ሆኖ አይሰማም። ብርድ ሰውን የሚጎዳው በረዶ ላይ ብቻ አይደለም፤ ከዜሮ በላይ በሆነ ቅዝቃዜ፣ በዝናብና በነፋስ የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። መንቀጥቀጥ ከጀመርክ፣ ጣትህ አልታዘዝ ካለህ፣ ምላስህ ከተሳሰረ አደኑ እዚያው ላይ አበቃ። ጥይቱን አውጣ፣ እርጥቡን ቀይር፣ ሙቀት ፈልግ።

ጥያቄ፦ የጃኬቴ ኮፍያ ጆሮዬን ይዘጋዋል፣ ዞር ስል ደግሞ ፊቴን ይሸፍናል። ጠመንጃ ሳነሳም ውሃው በእጅጌዬ ወደ ክርኔ ይወርዳል። ሁሉም እንደዚህ ነው ወይስ የኔ ብቻ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያንቺ ብቻ አይደለም፣ ሁሉም ግን እንደዚያ አይደለም። ሲገዛ መሞከር ያለበት ቆሞ በመስታወት በማየት ሳይሆን ጠመንጃ እንደያዙ ሆኖ ነው፤ በሥሩ የምትለብሺውን ሹራብ ለብሰሽ ክንድሽን አንሺ፣ አነጣጥሪ፣ አንገትሽን ግራና ቀኝ አዙሪ። ኮፍያው ከራስሽ ጋር መዞር አለበት። ከኋላ የሚጠብቅ ገመድ ካለው ይስተካከላል። ለጆሮሽ ስትይ ግን ስትንቀሳቀሺ ዙሪያውን ጥላ ያለው ባርኔጣ አድርጊ፣ ኮፍያውን ዝናቡ ሲጠነክር ብቻ ሳቢው። እጅጌው ጫፍ ላይ ደግሞ ከውስጥ በኩል የሚለጠጥ ሁለተኛ ጫፍ ያለው አለ፣ እሱን ፈልጊ። በሚጣበቅ ማሰሪያ ብቻ የሚዘጋው ስትከፍቺው ይጮሃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሌላ አዳኝ እንዲያይሽ ደማቅ ብርቱካንማ ሰደርያ የምትለብሺ ከሆነ ከዝናብ ጃኬቱ በላይ ይሁን። ዝናብ ሲጀምር ከላይ ጃኬት ደርቦ ብርቱካንማውን መሸፈን የተለመደ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ጥሻ ውስጥ ደግሞ ከሁሉም በላይ መታየት የሚያስፈልግሽ ያኔ ነው። ጥሻ ሰንጥቀሽ ስታልፊም ጠመንጃው ባዶ ይሁን፣ ቅርንጫፍ ቃታ ይስባል።

ጥያቄ፦ የዝናብ ልብስ ይታጠባል? ሻጩ «ካጠብከው ይበላሻል» አለኝ።

መልስ፦ ይታጠባል፣ ሦስት ንብርብሩን አለማጠብ ነው የሚያበላሸው። ላብ፣ ቅባትና ጭቃ ሲከማችበት ውሃ መጠጣት ይጀምራል። ተራ የልብስ ሳሙና ግን የሚተወው ቅሪት ራሱ ውሃ ይስባል፤ ለዚሁ ተብሎ የሚሸጠውን ፈሳሽ ተጠቀም፣ ካጣህ ትንሽ ሳሙና አድርገህ ደጋግመህ አለቅልቀው። ማለስለሻ በፍጹም። ከደረቀ በኋላ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ በዝቅተኛ ሙቀት ማሽከርከር የላይኛውን ቅብ ያነቃዋል፣ ከመሞከርህ በፊት ግን አንገቱ ላይ ያለውን ምልክት አንብብ። ውሃ ጣል ብታደርግበት አሁንም የሚጠጣ ከሆነ የሚረጨውን ቅብ መድገም ነው። ከአዲሶቹ ቅቦች ብዙዎቹ ፍሎሪን የሌለባቸው ስለሆኑ ቅባትን አይችሉም፣ እንክብካቤውም በዚያው ልክ ቶሎ ቶሎ መሆን አለበት።

ጎማውን በንጹሕ ውሃ አጥበህ ጥላ ላይ ስቀል፣ ማሽን አያስፈልገውም። ሰም የጠጣውን ሳሙናም ሙቅ ውሃም አታስነካው፤ በቀዝቃዛ ውሃ በብሩሽ ብቻ፣ ሰሙም ሲሳሳ እንደገና ይቀባል። ቀዳዳ ካለ ቦታውን በአልኮል ጥረግና የሚጣበቅ መጣፊያ ለጥፍ፣ ማዕዘኑን ክብ አድርገህ ቁረጠው፣ ሹል ጫፍ እሾህ ይዞት ይነቀላል። እሳት ዳር አታድርቅ፤ ናይለን ይቀልጣል፣ ሰሙም ይቀጣጠላል። ሳይደርቅም አጣጥፈህ አታስቀምጥ፣ ይሻግታል፣ ንብርብሮቹም መላቀቅ ይጀምራሉ።