«ሰርተፍኬት አለኝ» ስትል ምን ማለቷ ነው?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ኦቲዝም ካለበት የ4 ዓመት ልጃችን ጋር ልትሠራ ያሰበች አማካሪ «ሰርተፍኬት አለኝ» ትላለች። ብቃቷን በምን እንለይ?

መልስ፦ መጀመሪያ የየትኛው ደረጃ እንደሆነ ይጠይቋት። «አርቢቲ» (RBT፣ የባህሪ ሕክምና ቴክኒሻን) ከሆነች፣ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳ የ40 ሰዓት ሥልጠና ወስዳ የተፈተነች ረዳት ናት፤ ከልጁ ጋር ትሠራለች እንጂ ዕቅድ አታወጣም። ዕቅድ የሚያወጣው «ቢሲቢኤ» (BCBA፣ የባህሪ ተንታኝ) ነው፦ ማስተርስ ዲግሪ፣ በተለመደው መንገድ 2000 ሰዓት በክትትል የተሠራ ልምምድ፣ ከዚያም ፈተና። ሁለቱን አደባልቆ መናገር የተለመደ ነው፤ አንዳንዴም ሆን ተብሎ።

የወረቀቱን ኮፒ አይመኑ። ስሟን ሁለቱንም ሰርተፍኬቶች በሚሰጠው ቦርድ (BACB) የኢንተርኔት መዝገብ ላይ ፈልገው ጊዜው እንዳላለፈና የዲሲፕሊን ቅጣት እንደሌለባት ይመልከቱ። ቢሲቢኤ ከሆነች ደግሞ የቨርጂኒያ ሕክምና ቦርድ ፈቃድም ሊኖራት ይገባል።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ግን ክትትሉ ላይ ነው። አርቢቲ በወር ከምትሠራው ሰዓት ቢያንስ 5 በመቶው ክትትል ሊደረግበት ይገባል፤ 80 ሰዓት ከሠራች 4 ሰዓት መሆኑ ነው። ተቆጣጣሪዋ ማን እንደሆነች፣ ልጁን በዓይኗ የምታየውም መቼ መቼ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። ልጁን ከኦቲዝም «አድነዋለሁ» የምትል ከሆነ ግን መዝገቡን መፈለግም አያስፈልግዎትም፤ ያኔውኑ ይተዉአት።