ድንክ ፈረስ ሲሰለቸው፦ ጥያቄና መልስ

ድንክ ፈረስ ከምታሳድጉ ሰዎች የደረሱኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ ፈረሴ የጋጣውን እንጨት ነክሶ አየር ይውጣል። ይህን የሚከለክል የአንገት ማሰሪያ ልግዛለት?

መልስ፦ ባይገዙ ይሻላል። ማሰሪያው ድርጊቱን ቢያስቆም እንኳ መንስኤውን አይነካም። ፈረስ ሜዳ ላይ ሲለቀቅ በቀን እስከ 16 ሰዓት ሲግጥ ሊውል ይችላል። ጨጓራው ደግሞ በላም አልበላም አሲድ ያመነጫል። ጠዋትና ማታ ብቻ እየበላ ብቻውን ተዘግቶ ሲውል ምን ያድርግ? መጀመሪያ ጨጓራውንና ጥርሱን የእንስሳት ሐኪም ይይለት። ከዚያ ጓደኛ፣ የሚያኝከው ነገርና መንቀሳቀሻ ቦታ ያግኝ። የቆየ ልማድ ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል፤ ሊቀንስ ግን ይችላል።

ጥያቄ፦ ድርቆሽ ቀኑን ሙሉ ከሰጠሁት ይወፍራል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ስጋትዎ ትክክል ነው። ድንክ ፈረስ ቶሎ ይወፍራል፤ ውፍረቱም ላሚናይቲስ ለሚባለው ከባድ የሰኮና ሕመም ያጋልጠዋል። ስለዚህ መጠኑን ሳይጨምሩ የመብያ ጊዜውን ያርዝሙ። ለ100 ኪሎ ፈረስ በቀን ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ድርቆሽ መነሻ ይሆናል። ያንን ቀዳዳቸው ጠባብ በሆኑ መረቦች ከፋፍለው የተለያየ ቦታ ያስቀምጡለት፤ እየተዘዋወረ ይፈልግ። ትንሿ ሰኮናው መረቡ ውስጥ እንዳትያዝ ግን አደራ!

ለማክሳት ብለው በድንገት አያስርቡት። የድንክ ፈረስ ምግብ ሲቋረጥ የሰውነቱ ስብ ወደ ደሙ ይጎርፋል፤ ጉበቱን ይጎዳል፣ ሊገድለውም ይችላል።

ጥያቄ፦ ከውሻችን ጋር ይዋደዳሉ። ሌላ ፈረስ የግድ ነው?

መልስ፦ በእኔ እምነት፣ አዎ። ሁለት የሚዋደዱ ፈረሶች ፊትና ኋላ ሆነው ቆመው፣ አንዱ የሌላውን የጋማ ሥር በጥርሱ ሲያክለት አይታችኋል? የላይኛው ከንፈር ይረዝማል፣ ዓይን ይከደናል። እዚያ ቦታ ሲታከክ የልብ ምቱ እንኳ ይቀንሳል። ውሻ ይህን አይሰጠውም። በግ ወይም ፍየል ከብቸኝነት ይሻላል፤ ፈረስን ግን አይተካም። ከትልቅ ፈረስ ጋር ካዋሉት እርግጫ ይጠንቀቁ፤ አንዷ ብቻ አጥንት ትሰብራለች።

ጥያቄ፦ ኳስ ገዛሁለት፤ ወዲያው ተወው።

መልስ፦ ያንሱትና ከሳምንት በኋላ ይመልሱለት። መጫወቻ የሚመጣው ከጓደኛ፣ ከሚያኝከው ነገርና ከመንቀሳቀሻ ቦታ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ በቀን 15 ደቂቃ ብቻ ነው ያለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ያስተምሩት። በዱላ ጫፍ ኳስ ያስሩና ያሳዩት። በአፍንጫው ሲነካው ወዲያው “ጎበዝ!” ብለው ትንሽ ቁራጭ ካሮት ሳህን ላይ ያስቀምጡለት። ከእጅ መብላት የለመደ ፈረስ መንከስ ሊጀምር ይችላል። ዘዴው ሲገባው ኳሱን እያስከተሉ መሬት ላይ የተጋደመ እንጨት ያሻግሩት። ሳይሰለቸው ያቁሙ።

ጥያቄ፦ ደስተኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ጆሮውን ይዩ። ደህና የሆነ ፈረስ ጆሮው ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ሲጠሩት ይመጣል፣ ተረጋግቶ ይተኛል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ፈዞ የሚውለውን “ጨዋ ነው” ብለው አይለፉት። ያመው ይሆናልና ሐኪም ይጥሩለት።